ከቢሾፍቱ እስከ ሰነቴ፦ የውሻ ማምከን ዘመቻ የጉዞ ማስታወሻ

ጥር 15

ከቢሾፍቱ ስንነሳ ገና አልነጋም ነበር። መኪናው ላይ በመጨረሻ የተጫነው በእንፋሎት ግፊት የሚያበስል ትልቅ ድስት ነው። ሾፌሩ የምግብ ዕቃ መስሎት ከሽንኩርቱ ጋር አስቀምጦት ነበር፤ ሐኪሟ አንስታ ከቀዶ ጥገና መሣሪያዎቹ ጎን አኖረችው። የምንሄድበት ዲንሾ ከባሕር ጠለል በላይ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ከተማ ነው። በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ስለሆነ መቀሱንና መቆንጠጫውን በተራ ድስት መቀቀል አያስተማምንም። ክዳኑ ግጥም ብሎ እንፋሎቱን የሚያፍነው ድስት ግን ሙቀቱን ከ110 ዲግሪ በላይ ያወጣዋል። አውቶክሌቭ የተባለው የሕክምና ዕቃን በእንፋሎት ከጀርም የሚያጸዳ ማሽን ለሌለው ሰው እሱ ነው አውቶክሌቩ።

ስድስት ነን፦ ሁለት የእንስሳት ሐኪሞች፣ አንድ የእንስሳት ጤና ረዳት፣ የመጨረሻ ዓመት የእንስሳት ሕክምና ተማሪ፣ ሾፌሩና እኔ። የእኔ ሙያ የሰው ነርስነት ነው። ከዓመት ፈቃዴ ቀንሼ የመጣሁት ከቀዶ ጥገና የሚወጡትን ውሾች እስኪነቁ ልጠብቅ ነው።

ሰው የሚታከምበትን ቦታ ትተሽ ውሻ ትጠብቂያለሽ ወይ ያሉኝ ብዙዎች ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የዘጠኝ ዓመት ልጅ በእኔ ተረኛነት ገባ። ውሃ በብርጭቆ ስናቀርብለት ጉሮሮው ተኮማተረ፤ ነፋስ ፊቱን ሲነካው ተንዘፈዘፈ። እጁ ላይ የዳነ ትንሽ ጠባሳ ነበር። ከሁለት ወር በፊት ቡችላ ነክሶት፣ ቁስሉ ስለደረቀ ቤተሰቡ ረስቶታል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ማስታገሻ ከመስጠትና እጅ ከመያዝ በቀር የምናደርገው የለም። በሦስተኛው ቀን ሞተ። እናቱ ደጋግመው የሚነግሩኝ ስለ ቡችላው ነበር፦ አጥራቸው ሥር ከተወለዱት ሰባት አንዱ ነው፤ የሚወስዳቸው ጠፍቶ መንደሩ ውስጥ ሲንከራተቱ የከረሙ። ከዚያ በኋላ ስለ ውሾች ማሰብ አላቆምኩም።

በሞጆ፣ በባቱና በሻሸመኔ አድርገን፣ ዶዶላንና አዳባን አልፈን ዲንሾ የደረስነው ፀሐይ ስትገባ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ዙሪያ ባሉት ጥዶችና የኮሶ ዛፎች ሥር የደጋ አጋዘኖች ቆመው አዩን፤ አልሸሹም። ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል።

ጥር 16

ዛሬ አንድም ውሻ አልነካንም። ቀኑን ሙሉ ያወራነው ስለ አንድ ቃል ነው።

ስለ ኮርማ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። የተኮላሸ በሬ ሰንጋ ይባላል፤ የተኮላሸ በግና ፍየል ሙክት ነው፤ ሁለቱም የበዓል ሞገስ ያላቸው ስሞች ናቸው። ማህፀኗ የወጣላት ሴት እንስሳ ግን በቋንቋችን ስም የላትም። ያለን "ማምከን" ብቻ ነው፤ ያውም "መካን" ከሚለው ጋር ሥሩ አንድ። ተማሪው የባሌ ልጅ ስለሆነ አስተርጓሚያችን እሱ ነው፤ ወደ ኦሮምኛ ሲመልሰውም ከዚያው ሐዘን ካዘለ ቃል አላመለጠም።

በገበሬዎች ማሠልጠኛው ግቢ ሳር ላይ ከተቀመጡት መካከል አንዲት አረጋዊት ተነሡ። ባላቸው የሞተባቸው፣ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቀው አምስት ላሞች ይዘው የሚኖሩ ናቸው።

"ውሻዬ ምን አጥፍታ ነው መካን የምታደርጓት?" አሉ።

ሐኪሟ ወዲያው አልመለሰችም። "አዴ፣ ባለፈው ክረምት ስንት ወለደች?"

"ስድስት።"

"ስንቱ በሕይወት አሉ?"

"አንድም። ሁለቱን ጅብ በላቸው፤ የቀሩትን ብርድ ጨረሳቸው።" ትንሽ ቆዩና "እሷም የጎድን አጥንቷ እስኪታይ ከስታ ነበር" ብለው ተቀመጡ።

ቀጥሎ የተነሣው ጥያቄ ውሻውን ማን ይይዛል የሚል ነው። አብዛኛው የአካባቢው ሰው ሙስሊም ነው። ውሻ በረት ይጠብቃል፤ ከጅብና ከነብር ከብት ያስጥላል፤ ግን ቤት አይገባም፣ ምራቁም ልብስ እንዲነካ አይፈለግም። ብዙዎቹ ውሾች የሰው እጅ ነክቷቸው አያውቅም። ይህን ሳያውቅ የሚመጣ በጎ ፈቃደኛ ሕዝቡ ለእንስሳ አይራራም ብሎ ሊሄድ ይችላል፤ ትልቅ ስሕተት ነው። ያለ ውሻው ማደር የማይችል ሰው ውሻውን ያከብራል፤ አክብሮቱ መደባበስ ላይ አይደለም እንጂ።

እኔ ስለ ንክሻ እንድናገር ተጠየቅሁ። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ማጠብ እንዳለበት፣ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ለክትባት ጤና ተቋም መሄድ እንዳለበት ተናገርሁ። አንድ ሼኽ ቀበል አድርገው፣ ውሻ የላሰውን ዕቃ ሰባት ጊዜ ማጠብ፣ አንዱንም በአፈር ማድረግ የቆየ ሥርዓታቸው መሆኑን ለሕዝቡ አስታወሱ። "መታጠቡን እናውቀዋለን፤ ለሥጋችሁም ሳሙናውን ጨምሩ" አሉ። እኔ በአንድ ሰዓት ንግግር የማላደርሰውን በአንድ ዓረፍተ ነገር አደረሱት።

እኒያ አረጋዊት እንደገና ጠየቁ፦ "15 ደቂቃ ምን ያህል ነው?"

ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተነጋገሩና ተስማሙ። የአንድ ቤት ቡና ታጥቦ፣ ተቆልቶ እስኪያልቅ።

ጥር 17

ልጆቹ ውሾቹን በገብስ ቂጣ እያባበሉ፣ በገመድ እየሳቡ ከጠዋቱ በ1 ሰዓት ጀምሮ መምጣት ጀመሩ። ከነከሰን ውሻ ይልቅ የፈራን ውሻ በዛ።

አሠራሩ ይህ ነው። ውሻዋ ትመዘናለች፤ አፏ በፋሻ ይታሰራል፤ ዛይላዚንና ኬታሚን የተባሉ ማደንዘዣዎችን በክብደቷ ልክ ትወጋለች። ሆዷ በምላጭ ተላጭቶ በአዮዲን ይታጠባል። ሐኪሟ ከእምብርቷ ዝቅ ብላ የአውራ ጣቴን ርዝመት የማያህል ቀዳዳ ትከፍታለች፤ ጫፉ በተቆለመመ ቀጭን ብረት ማህፀኗን ፈልጋ ታወጣለች። የእንቁላል እጢዎቹ ከኩላሊቶቹ አጠገብ በጅማት ተወጥረው ስለሚገኙ ጅማቱን በጣቷ ቀስ ብላ ታላቅቀዋለች፤ ይህን ሳያዩ በመዳሰስ ብቻ ነው የምትሠራው። ከዚያ የደም ሥሩ ሁለት ጊዜ ይታሰራል። ነገሩ ሁሉ ያለው ቋጠሮው ላይ ነው። የወንዱ ውሻ ሥራ በደቂቃዎች ያልቃል፤ ሴቷ ላይ ግን አንገት ደፍቶ መሥራት ያስፈልጋል። በመጨረሻ ሁሉም የእብድ ውሻ ክትባት ይወጋሉ፤ የመከኑት ጆሯቸው ውስጥ አረንጓዴ ንቅሳት ይደረግላቸዋል፤ ሌላ ጊዜ ማንም ሁለተኛ እንዳይከፍታቸው።

ከዚያ ወደ እኔ ይመጣሉ። የተኛ ውሻ በዚህ ከፍታ ቶሎ ይቀዘቅዛል። መሬት ላይ ገለባ፣ ከገለባው ላይ ማዳበሪያ ከረጢት፣ ከላይ ጋቢ። በሁለት ወገን ሙቅ ውሃ የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ጤነኛ ውሻ 38 ወይም 39 ዲግሪ ነው፤ ዛሬ አንዷ 35 ድረስ ወርዳብኝ ነበር። ጭኔ ላይ አድርጌ እግሮቿን እያሸሁ ቆየሁ። ስትነቃ መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው ጆሮዋ ነው።

ከሰዓት በኋላ ከከተማ የመጣ አንድ ወጣት፣ "ይህ ሁሉ ድካም ለምን? መርዝ አይቀልም?" ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው አላስቆጣኝም፤ ያደግሁበት ነገር ነው። ልጅ ሳለሁ በከተማችን በስትሪክኒን የተነከረ ሥጋ ማታ ይበተን ነበር። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ ውሾች አፋቸው አረፋ ደፍቆ፣ እግሮቻቸው እንደ እንጨት ደርቀው መንገድ ላይ እናገኛቸዋለን። በዓመቱ መንገዱ እንደገና በውሾች ይሞላል። ቆሻሻው እዚያው አለ፣ ቄራው እዚያው አለ፤ የሞቱትን ቦታ ከሌላ ሰፈር የመጡ፣ ማን እንደሆኑ የማይታወቁ፣ ያልተከተቡ ውሾች ይይዙታል። የተከተበና የመከነ ውሻ ግን ቦታውን ይዞ ይቆያል፤ እንግዳ አያስገባም።

ሐኪሟ ደግሞ በስሌት ነገረችው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶ ያህሉ ከተከተቡ በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ የሚሻገርበት መንገድ ይቋረጣል። ሴቶቹ በዓመት ሁለት ጊዜ ሊፀንሱ በሚችሉበት መንደር ግን ያ 70 አይጸናም፤ የተከተቡት ይሞታሉ፣ ያልተከተቡ ቡችላዎች ይተኳቸዋል፣ በዓመቱ ከመጀመሪያው መጀመር ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው በዚህ በሽታ ይሞታል ተብሎ ይገመታል፤ ሰው ከሚያዝባቸው መንገዶች 99 በመቶው የውሻ ንክሻ ነው። ወጣቱ ሲመሽ ውሃ ሲያመላልስልን አየሁት።

አንድ ነገር ልጨምር። "ባለቤት የለሽ" ብለን የመዘገብናቸው አራት ውሾች ማታ ላይ አራቱም ባለቤት ተገኘላቸው።

ጥር 18

መብራት የለም። ሐኪሞቹ በግንባር ባትሪ ሠሩ። ነፋሱ የአዳራሹን ቆርቆሮ ሲያንገጫግጭ ዋለ። 13 ውሾች፤ ሁሉም በእግራቸው ሄዱ።

ጥር 19

የአረጋዊቷ ውሻ ስሟ ዳለቻ ነበር። መልኳም እንደ ስሟ። ጠዋት ራሳቸው አመጧት፤ ገመድ አላስፈለጋትም፣ ተከትላቸው መጣች። ላሞቹን አልበው ማታ እንደሚመለሱ ነግረውን ሄዱ።

ሐኪሟ ስትመረምራት ዳለቻ ወንድ የምትፈልግበት ጊዜ ላይ መሆኗን አየች። በዚያ ጊዜ የማህፀን ደም ሥሮች ይወፍራሉ፣ ደም ይበዛባቸዋል፤ ቢቻል ለሌላ ጊዜ መተው ነው የሚሻለው። ሌላ ጊዜ መቼ እንደምንመጣ ግን አናውቅም። ውሻዋ ዛሬ ከተመለሰች ከሁለት ወር በኋላ እንደገና ስድስት ትወልዳለች። ሐኪሟ ትንሽ አመነታችና "እሠራታለሁ" አለች።

ሥራው በሰላም አለቀ። ዳለቻን ተረክቤ ጋቢ አለበስኳት። አጠገቧ ትንፋሹ የቀነሰ አንድ ወንድ ውሻ ነበር፤ እሱን ሳነቃቃ ወደ እሷ የተመለስኩት ቆይቼ ነው። ድዷን ስገልጠው ነጭ ወረቀት ሆኗል። ልቧ ለመቁጠር እስኪያስቸግር ይሮጣል። ጮኽኩ።

እንደገና ከፈቷት። በግራ በኩል ያለው ቋጠሮ ሸርተት ብሎ ሆዷ በደም ተሞልቷል። ሐኪሟ የሚደማውን ሥር አግኝታ አሰረችው፤ ሁለተኛው ሐኪም በደም ሥሯ ፈሳሽ ለቀቀ፤ እኔ ሙቅ ጠርሙስ እየቀያየርሁ ሆዷን ያዝሁ። ከምሽቱ በ1 ሰዓት ሞተች።

ቀደም ብዬ ድዷን ገልጬ ቢሆን ኖሮ ትተርፍ ነበር ወይ የሚለውን ሌሊቱን ሙሉ ጠየቅሁ። የመጨረሻዎቹን ቀናት ውሎ ስጽፍ ይህን ብዘለው ይሻላል ያሉኝ አሉ፤ ሰው በዘመቻው እምነት ያጣል ብለው። እኔ ግን እምነት የሚጠፋው የሞተችውን ስንደብቅ ይመስለኛል።

አረጋዊቷ ሲመጡ በቅል ወተት ይዘውላት ነበር። ሐኪሟ ከፊታቸው ቆመች፤ ተማሪው እያንዳንዱን ቃል ተረጎመ። "አዴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ዛሬ መሥራት አልነበረብኝም። ሠራሁ፤ ቋጠሮዬም አልያዘም።"

"ጠዋት በእግሯ ነው የመጣችው" አሉ አረጋዊቷ። ቀጥሎ ለረጅም ጊዜ ምንም አላሉም። ቅሉን ይዘው ቆመው፣ "ዛሬ ሌሊት ጅቡን ማን ይመልስልኛል?" ብለው ጠየቁ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የእውነት ጥያቄ ነበር።

ገንዘብ አውጥቶ መስጠት ለሁላችንም አሳፋሪ መሰለን። ሾፌሩና ተማሪው ግን የግንባር ባትሪዎቹን አነሡ፣ ጋቢያቸውን ለበሱና ዳለቻን በማዳበሪያ ጠቅልለው ተሸክመው ከሴትዮዋ ጋር በጨለማው ሄዱ። ውሻዋን ከበረቱ ጀርባ ቀበሯት። በረቱ በር ላይ እሳት አንድደው አደሩ። ጅቡ ሁለት ጊዜ ከወንዙ ማዶ ጮኸ፤ አልቀረበም።

ጥር 20

ከዛሬ ጀምሮ ፍትወት ላይ ያለች ውሻ አንነካም፤ ክትባት ብቻ። ጠዋት ይህን ወሰንን፤ ደብተሩ ላይ በትልልቅ ፊደል ተጻፈ።

በሮቤና በጎባ አድርገን ወደ ሰነቴ አምባ ወጣን። ጥዱ አለቀ፣ አስታው አለቀ፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ስንደርስ ጅብራዎቹ ብቻ እንደ ምሰሶ ቆመው ቀሩ። የባሌ ተራሮች ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ እዚያ አለ፤ 4,377 ሜትር። ማንም ብዙ አይናገርም ነበር።

ሾፌሩ መኪናውን ቀስ አድርጎ አቆመ። ከመንገዱ ሃምሳ እርምጃ ርቀት ላይ ቀይ ቀበሮ ቆሟል። ረጃጅም ቀጭን እግሮች፣ ደረቱ ነጭ፣ ጀርባው እንደ ጋለ ሸክላ። የፍልፈል ጉድጓድ ላይ አፍንጫውን ቀስሮ ሳይንቀሳቀስ ይጠብቃል። የአገሬው ሰው "ጄዳላ ፈርዳ" ይለዋል፣ የፈረስ ቀበሮ ማለት ነው፤ ለመውለድ የደረሰች ባዝራን ተከትሎ የእንግዴ ልጁን ስለሚበላ።

በዓለም ላይ ያሉት ለአቅመ መውለድ የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እዚህ ባሌ ውስጥ ናቸው። ዘመዶቻቸው የሚባሉት ውሾች ደግሞ የበሽታቸው ምንጭ ሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 የእብድ ውሻ በሽታ ከእረኞች ውሾች ተሻግሮ የቀበሮ መንጋዎችን ጨርሷል፤ በመካከሉ ደግሞ ዲስተምፐር የተባለው የውሻ በሽታ ተመላልሷል። በ2003ቱ ወረርሽኝ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ አለቁ። በዚያው ሸለቆ በ1990ዎቹ ከውሻ የተዳቀሉ ቀበሮዎችም ተገኝተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም የእረኞችን ውሾች በየዓመቱ በሺዎች ሲከትብ የኖረው ለዚህ ነው።

ቀበሮው ዘለለ። ፍልፈሉን አፉ ውስጥ አየሁት። ከኋላው ራቅ ብሎ ከብቶች ይግጣሉ፤ ከከብቶቹ ጋር ሁለት ውሾች አሉ። በመካከላቸው ያለው ርቀት አንድ ሜዳ ነው። ዳለቻ ከእነዚህ የአንዱ ዘመድ ነበረች ይሆናል እያልኩ አሰብኩ፤ ሐኪሟ ደግሞ ዓይኗ ውሾቹ ላይ ነበር። "ቁልቁል እንሂድና እንሥራ" አለች። ከትናንት ማታ ወዲህ የተናገረችው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ነው።

ጥር 21

ሪራ፣ ከሰነቴ ቁልቁል ያለች መንደር። አሥር ሴት፣ ስድስት ወንድ። ሐኪሟ እያንዳንዱን ቋጠሮ ሦስት ጊዜ ታስራለች፤ ከመልቀቋ በፊትም ደም መኖሩን በፋሻ ታያለች። ሥራው ዘገየ፤ ማንም አልተቻኮለም። እኔ በየአምስት ደቂቃው ድድ እገልጣለሁ። የሐረና ጫካ ቡናና ማር አቀረቡልን። እንዲህ ያለ ቡና ጠጥቼ አላውቅም።

ጥር 22

ወደ ቤት ከመመለሳችን በፊት ስፌታቸውን ልናይ ዲንሾ ቆምን። ከመከኑት አብዛኞቹ መጡ። ሁለቱ ቁስላቸውን ልሰው አቅልተውታል፤ አንዷ ላይ ትንሽ እብጠት አለ፤ የቀሩት ከእጃችን ለመሸሽ ሲታገሉ ማየት ያስደስታል።

ዕቃ ስንጭን እኒያ አረጋዊት በግቢው በር ገቡ። ሰባት ዓመት የሚሆነው የጎረቤት ልጅ እጁን ይዘው ነው የመጡት። ትናንት ማታ ማንም የማያውቀው ቡችላ ክንዱን ነክሶት ሸሽቷል። ቁስሉ ትንሽ ናት፤ ሦስት የጥርስ ምልክት።

"ቡናው ተቆልቶ እስኪያልቅ አጠብኩት" አሉኝ። "ሳሙናው አለቀ፤ ከጎረቤት አምጥቼ ጨመርኩ።"

ልጁን አቀፍኩት። ሾፌሩ ምንም ሳይባል የመኪናውን አፍንጫ ከሻሸመኔ መንገድ ወደ ሮቤ አዞረው፤ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አረጋዊቷ ልጁን ጭናቸው ላይ አድርገው በመሣሪያዎቹ ሣጥን አጠገብ ተቀመጡ። ሐኪሟ ፊት ለፊታቸው ናት። ስለ ዳለቻ አንዳቸውም አላነሡም።

ሆስፒታሉ ውስጥ የመጀመሪያውን ክትባት ወጉት። ልጁ አላለቀሰም። ነርሷ የሚመለስበትን ቀን በካርድ ላይ ጻፈች፤ በሦስተኛው ቀን፣ በሰባተኛው፣ በአሥራ አራተኛው። አረጋዊቷ ካርዱን አገላብጠው አዩትና፣ "ማንበብ አልችልም፤ ክር አላችሁ?" አሉ።

ሐኪሟ ከሣጥኑ የቀዶ ጥገና ክር አውጥታ ቆርጣ ሰጠቻቸው። አረጋዊቷ ክሩን በጣታቸው ከለኩ በኋላ ቀን እየቆጠሩ በሦስተኛው ላይ ቋጠሩ፣ በሰባተኛው ላይ ቋጠሩ፣ በአሥራ አራተኛው ላይ ቋጠሩ። እያንዳንዱን ቋጠሮ በጥርሳቸው ይዘው ሳቡት፤ መያዙን ካዩ በኋላ ክሩን የልጁ ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ከተቱት።